የሻድ ዝንብ በጣና ዳር፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰው ሠራሽ የማጥመጃ ዝንብ፣ ማለትም ዓሣ እንዲነክሰው መንጠቆ ላይ ፀጉርና ክር ታስሮ የሚሠራ ማታለያ፣ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ እጄ የለመደው ሻድ ለሚባለው ዓሣ የሚሆነውን ነው። ሻድ እኛ ጋ የለም። ሄሪንግ ከሚባለው የባሕር ዓሣ ወገን ሲሆን፣ በጸደይ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ወደ ሰሜን አሜሪካ ወንዞች ወጥቶ ይራባል። እ.ኤ.አ. በ1871 ወደ ካሊፎርኒያው ሳክራሜንቶ ወንዝ ተወስዶ እዚያም ተዋልዷል። የሚገርመው፣ ወንዙን ሽቅብ ሲጓዝ ምግብ እምብዛም አይነካም፤ ፊቱ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለፈ ግን ይነክሳል። ስለዚህ ዝንቡ እውነተኛ ዝንብ መምሰል የለበትም። የብር ገላ፣ ደማቅ ቀይ አንገት፣ ትንሽ ፀጉር፤ በቃ።

ዕቃው ባሕር ዳር አይቸግርም። ለገላው ሙካሽ፣ ለክንፉ ከሥጋ ቤት የጥጃ ጭራ፣ ለዓይኑ ክብ ክብ ፍሬ ያለው የቁልፍ መያዣ ሰንሰለት፣ ለማሰሪያ ቀጭን የስፌት ክር። መንጠቆውን ትንሽ ሞርሳ ላይ አጠብቃለሁ።

ሥራው ያለው ዓይኑ ላይ ነው። ከሰንሰለቱ ሁለት ፍሬ ቆርጬ ከመንጠቆው ግንድ ጀርባ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ክሩንም በስምንት ቁጥር እያመላለስኩ አስራለሁ። ክብደቱ በዚያ በኩል ስለሚሆን ዝንቡ ውሃ ውስጥ ይገለበጣል፤ የመንጠቆው ጫፍ ወደ ላይ ይዞራል፤ ድንጋይና ደንገል አይዝም። ፀጉሩንም በዚያው በጫፉ በኩል አስራለሁ። ክር ማስገቢያው ቀዳዳ አጠገብ ባዶ ቦታ መተው የግድ ነው፤ አለዚያ ማሰሪያው ቀዳዳውን ይደፍነዋል። መጨረሻ ላይ ቋጠሮው ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጌ አደርቀዋለሁ። ከዚያ ክር አስሬ በውሃ የተሞላ ሳፋ ውስጥ እጎትተዋለሁ። ቀጥ ብሎ ከሄደ አልፏል። ወደ ጎን ከተጋደመ ዓይኑ ተጣሟል ማለት ነውና ፈትቼ እንደገና አስረዋለሁ።

ፀጉር ማብዛት አያዋጣም። ሳሳ ያለው ቶሎ ይሰምጣል፤ ሲጎተትም ይርገበገባል።

እዚህ የምሞክረው በነጭ ዓሣ ላይ ነው፤ ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚለው። ከጣና ዝርያዎቹ በርካቶቹ ትንንሽ ዓሣ አሳደው ይበላሉ፤ ብርማው ገላ ለነሱ ልክ ነው። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ስለሌላቸው ዝንቡን አይቆራርጡትም። የዝንብ ዘንግ ስለሌለኝ በተራ ዘንግ እወረውራለሁ፤ ክሩ ላይ ከዝንቡ ግማሽ ሜትር ያህል በላይ፣ እንዲከብድ ትንሽ የእርሳስ ብረት እጨምራለሁ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ የምትሞክሩ ካላችሁ ጉማሬ አለና ውሃ ውስጥ አትግቡ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ነጭ ዓሣ እንደ ሻድ ለመራባት ወንዝ ይወጣል፤ በክረምትና ክረምቱ ሲወጣ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ። ያኔ ወንዞቹ አፍ ላይ አላጠምድም፤ እናንተም ተዉት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከመጡ በኋላ ቁጥሩ ክፉኛ ወርዷል፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ደግሞ ከጣና ሌላ የትም የሉም። ለዚሁም ስል በመንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ ያፈነገጠችውን ሹል በፒንሳ እጨፈልቃለሁ፤ ዓሣው ብዙ ሳይጎዳ ይለቀቃል።

አሁን የያዝኩት በነጭ ፀጉር ላይ ጥቂት ጥቁር ደርቦ የትንሽ ዓሣ ጀርባ ማስመሰል ነው። የጎደለኝ ግንዱ አጠር ያለ ትንሽ መንጠቆ ነው፤ የሚሸጥበትን የምታውቁ ጠቁሙኝ።