በል ቁጠር

የመጀመሪያ ጽሑፌ በጥቁር ጉድጓዶች ቴርሞዳይናሚክስ ላይ ነበር። ስሌቱ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ፤ ጆርናሉን ግን የመረጥሁት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ፣ ዶርም ውስጥ፣ በአንድ ማታ ነው። መምረጥ ከተባለ። ጆርናሎቹን በኢምፓክት ፋክተር፣ ማለትም ጽሑፎቻቸው በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ በሚያሳየው ቁጥር፣ ከላይ ወደ ታች ደርድሬ አናቱ ላይ ወዳለው ላክሁ። በአምስተኛው ቀን መልስ መጣ። ለገምጋሚ እንኳ ሳይደርስ፣ «ለሰፊው የፊዚክስ አንባቢ አይሆንም» ተብሎ ተመለሰ። ያኔ በጣም ተናደድሁ፤ አሁን ሳስበው ኤዲተሩ ልክ ነበር።

በዚያው ሰሞን «የተከበሩ ፕሮፌሰር» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። እኔ ገና የማስተርስ ተማሪ! በሳምንት ገምግመን እናትማለን፣ ክፍያው በዶላር ነው ይላል። እውነቱን ለመናገር ልቤ ትንሽ ሸፍቶ ነበር። ገብቼ ሳየው ግን ከእርሻ እስከ ነርሲንግ ያላተመው የለም። የእኔን ቀመር እዚያ ማን ሊያጣራው ነው?

ብሶቴን የሰሙት አማካሪዬ ጣና ዳር አሣ ጋበዙኝ። ቆረሶው እስኪጠበስ የጽሑፌን የመጨረሻ ገጾች አስወጡኝና እስክሪብቶ ሰጡኝ። «በል ቁጠር። የጠቀስሃቸው ሰዎች የት ነው ያሳተሙት?»

ከ41 ሪፈረንስ 17ቱ ፊዚካል ሪቪው ዲ፣ 9ኙ ክላሲካል ኤንድ ኳንተም ግራቪቲ፣ 6ቱ ጆርናል ኦፍ ሃይ ኢነርጂ ፊዚክስ። መጀመሪያ ከላክሁበት አንድ ብቻ።

«ሥራህን የሚያነቡልህ ሰዎች ሰፈራቸው ይኸው» አሉኝ፣ ዘይት በነካው ጣታቸው ወረቀቱን እየጠቆሙ።

ቀጥሎ ያስጨነቀኝ ገንዘቡ ነበር። ስኮአፕ3 የሚባል የቤተ መጻሕፍትና የምርምር ተቋማት ኅብረት አለ፤ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሃይ ኢነርጂ ፊዚክስ (የጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ) ጽሑፎችን የኅትመት ወጪ ስለሚሸፍን፣ ከሦስቱ የመጨረሻው ላይ ደራሲው ሳንቲም ሳይከፍል ሥራው ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይወጣል። ፊዚካል ሪቪው ዲም በ2018 ገብቶበታል፤ ነገር ግን የሚሸፈነው አርካይቭ ላይ (ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን ከኅትመት በፊት በነጻ የሚለጥፉበት ድረ ገጽ ነው) ዋና ምድቡ ሃይ ኢነርጂ የሆነ ጽሑፍ ነው። እኔ ደግሞ ሳላስብ የለጠፍሁት በስበት ምድብ ነው! ደግነቱ ክፍት ይሁንልኝ ካላልሁ በደንበኝነት መንገዱ፣ ማለትም አንባቢው ወይም ቤተ መጻሕፍቱ በሚከፍልበት፣ ደራሲው አይከፍልም፤ ማንበብ የሚፈልግም አርካይቭ ላይ በነጻ ያገኘዋል። 17ቱ ወዳሉበት ላክሁ።

ከሁለት ወር በኋላ የገምጋሚው አስተያየት መጣ፣ ሦስት ገጽ ሙሉ። አራተኛው ቀመር ላይ የመቀነስ ምልክት ጠፍታለች ይላል። ዓመት ከመንፈቅ ስመላለስባት አንድም ቀን አላየኋትም።