ከሰሉ ገና አልያዘም

ትልቁ ድርጅት ውስጥ በሠራሁባቸው 2 ዓመታት ጎንደር አራዳ ገበያ ላይ ለቡና አምስት ሳንቲም አውጥቼ አላውቅም።

ከአንዱ ሱቅ ስወጣ ሌላው ይጠራኛል። «ና እንጂ፣ አቦሉ ሳያመልጥህ!» ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ ሦስት ቤት አቦል ጠጥቼ እጄ ይንቀጠቀጣል። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እናቴ «ሥራው ነው የሚያስጨንቅህ» ትለኛለች። እኔ ግን ጭንቀት የሚባል ነገር አልነበረብኝም። ሰው ሁሉ ወዶኛል። ጠባየ ሸጋ ነኝ፣ የሰው አያያዝ አውቃለሁ። ሌላ ምን ምክንያት ሊኖር ይችላል?

የምንሸጠው የታሸገ ውሃ ነው። የድርጅቱ ስም ይቅር።

ሽያጭ ይባል እንጂ ሥራው እደላ ነበር። መኪናው ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይመጣል። የመጣው ሁሌም ከታዘዘው ያንሳል። ለአንቺ 40 እሽግ፣ ለአንተ 25፣ አንተ ደግሞ የሚቀጥለውን ጠብቅ። ብዕሩ በእኔ እጅ ነው። ከዚያ ውጭ የነበረኝ ትልቅ ኃላፊነት ፍሪጅ መፈተሽ ነው። ድርጅቱ በራሱ ቀለም የተቀባ ፍሪጅ ለባለሱቆች በነፃ ይሰጣል፤ ውስጡ የሌላ ውሃ እንዳይገባ ግን ይፈርማሉ። እኔ ከፍቼ አያለሁ። አንድ ቀን እትዬ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከታች፣ ከሎሚው ጀርባ፣ አንዲት የሌላ ድርጅት ውሃ አገኘሁ። ለራሳቸው መጠጫ ነበረች። «እትዬ፣ ሁለተኛ ካየሁ ፍሪጁን አስነሳለሁ» አልኳቸው። ያልኩበት ድምፅ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ባላስታውሰው ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ ማለት አራዳ ላይ ሱቅ ካላቸው አንጋፋዎች አንዷ ናቸው። ስም አላቸው፤ የሚጠራው ግን የለም። ሽማግሌውም ሕፃኑም እትዬ ነው የሚላቸው።

ታዲያ ለምን ለቀቅህ ትሉኝ ይሆናል። ሲጠይቁኝ «ራሴን መፈተን ፈልጌ» እላለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። አለቃዬ ነው። ኮታ ሲሞላ «ምርቱ ራሱን ይሸጣል» ይላል። ኮታ ሲጎድል «ሻጩ ሰነፍ ነው» ይላል። አንዱን በቦነስ ሰሞን፣ ሌላውን በግምገማ ሰሞን። ሁለቱን በአንድ ስብሰባ ላይ ሲናገራቸው የሰማሁ ቀን ነው ልቤ የሸፈተው።

ትንሹ ድርጅት በዚያው ሰሞን ጠራኝ። ባለቤቱ ራሱ ፒያሳ ማኪያቶ ጋበዘኝ። ፋብሪካው ከእኛ ብዙም አይርቅም። «ውሃ ስትሸጥ ናፍጣ ነው የምትሸጠው» አለኝ። «እነሱ አባይ በረሃን ተሻግረው ነው የሚመጡት። እኛ ቅርብ ነን፤ ለባለሱቁ በእሽግ የተሻለ ትርፍ መተው እንችላለን።» ልክ ነው። ሒሳቡ ዛሬም ልክ ነው። ደመወዙ በ1,000 ብር ያንሳል፤ ኮሚሽኑ ግን በእሽግ 3 ብር፣ ጣሪያ የለውም። ወለልም እንደሌለው የገባኝ በኋላ ነው። መጠሪያዬ ደግሞ «የሰሜን አካባቢ ሽያጭ ኃላፊ»። በሥሬ ማንም የለም። ካርድ አሳተምኩ።

አለቃዬ ስሰናበተው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «በራችን ክፍት ነው» አለኝ። በወሩ ለአንድ ጉዳይ ስደውል ስልኩ አይነሳም።

የመጀመሪያው ሰኞ አራዳ ገባሁ። ሰላምታው እንደ ድሮው ነው። «እንዴት አደርክ? እናትህ ደህና ናት?» ቡናው ብቻ የለም። አንዱ ሱቅ «አሁን አነሳነው» አለኝ። ሌላው «ልጅቷ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»። እትዬ ዘንድ ስደርስ ጀበናው ምድጃው ላይ ተጥዷል። ደስ አለኝ። ተቀመጥኩ።

«ከሰሉ ገና አልያዘም» አሉኝ።

እሺ። ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። ሦስት ብርጭቆ አወጣሁ። በአንዱ የትልቁን፣ በአንዱ የእኛን፣ በሦስተኛው የቧንቧ ውሃ ቀዳሁ። እትዬን ዓይናቸውን በነጠላቸው እንዲሸፍኑ ለመንኳቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ። ሳቅ በሳቅ ሆነ።

አንደኛውን ቀመሱ። «ይሄ ቧንቧ ነው። የአንገረብ ግድብን ውሃ መች አጣዋለሁ!»

ሁለተኛውን ቀመሱ። «ይሄ ይከብዳል።»

ሦስተኛውን ጠጡና ብርጭቆውን ጨረሱት። «ይሄ ሸጋ ነው። ቀላል ነው።»

የእኛ ነው! ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ የእኛ ነው! እርስዎ ራስዎ ነዎት የመረጡት!»

«ይሁና።»

«እና ስንት እሽግ ልጻፍልዎት?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጄ፣ እኔ ልጠጣው ነው እንዴ? ልሸጠው እንጂ።»

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልተሸነፍኩም፤ ሌላ ጥይት ነበረኝ። የአገራችን ሰው ውሃ በስም አይጠይቅም። ሃይላንድ ነው የሚለው። የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ለላስቲኩ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ዱቄት ሳሙና ሁሉ ኦሞ እንደሆነው ማለት ነው። ስለዚህ ባለሱቁ የፈለገውን ቢሰጥ ገዢው ይወስዳል። ይሄንን ለእትዬ እያስረዳሁ ሳለ፣ እግዜር እንደላከው፣ አንድ ልጅ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ ሃይላንድ አለ?»

«አዩ!» አልኩ። «የማንን አላለም! የእኛን ይስጡትና ይሞክሩት!»

እትዬ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ አሉና አንድ ባዶ ላስቲክ አወጡ። ልጁ ተቀብሎ ሮጠ። ለካስ እናቱ ለጠበል ነው የላከችው።

ለትንሽ ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የመጨረሻውን ለመንኩ። «እሺ እትዬ፣ 2 እሽግ ብቻ። ይቅመሱት፣ ይልመዱት። ፍሪጁ ውስጥ ጥግ ላይ...»

እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ቀጥሎ ያሉት ነው። አልተቆጡም። ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። የፍሪጁን በር ከፍተው አሳዩኝ። ከሎሚው ጀርባ ባዶ ነው።

«የሌላ ውሃ ካየሁ አስነሳለሁ ያለኝ ማን ነበር?»

ብርጭቆዎቼን አጥቤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ገደማ ያየሁትን አልዘረዝርም። ሳሙና በር፣ ብልኮ፣ ማራኪ፣ አዘዞ። በባጃጅ 10 እሽግ ጭኜ ወጥቼ በ8 እሽግ የምመለስበት ቀን ነበር። ኮሚሽን ማለት 6 ብር ማለት ነው። የባጃጁን ሒሳብ ተዉት።

ጥምቀት ደረሰ። 2011 ነው። ዩኔስኮ በዓሉን ገና አልመዘገበውም፤ የመዘገበው ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2012 ላይ ነው። ለጎንደር ሰው ግን መዝገብ አያስፈልገውም። ከጥር መግቢያ ጀምሮ ሆቴሉ ይሞላል፣ የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፣ ከየአገሩ እንግዳ ይጎርፋል። ለውሃ ሻጭ የዓመቱ ገበያ ያኔ ነው። ጥር 8 ማታ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ እትዬ ነኝ።»

«አቤት እትዬ!» ብድግ አልኩ። ስልክ ላይ።

«መቶ እሽግ ይኖርሃል?»

የትልቁ መኪና አባይ በረሃ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል። መጋዘን የነበረችውን ደግሞ ለሆቴሎች አከፋፍለዋታል። ይሄንን በኋላ ነው የሰማሁት። ያኔ የመሰለኝ ሌላ ነው። የቀመሱት ውሃ አራት ወር ሙሉ ከአፋቸው አልጠፋ ብሎ፣ የሦስቱ ብርጭቆ ሥራ ፍሬ አፍርቶ መሰለኝ። «እጅ በእጅ» ማለት ስችል በዱቤ ሰጠሁ። ራሴ ተሸክሜ አወረድኩ። ላቤን እየጠረግሁ «እትዬ፣ ውሃ የሚሸጠው እኮ ብዙ ነው። እኔን ለምን መረጡ?» አልኳቸው። ምስጋና ፈልጌ ነው፤ አልደብቅም።

መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ የታጠፈ ወረቀት አሳዩኝ። የትልቁ ድርጅት ደረሰኝ ነው። ጀርባው ላይ የእኔ ስልክ በእኔ ጽሕፈት አለ፤ በዚያ በደጉ ዘመን የጻፍኩላቸው። «የሌላውን ቁጥር ከየት አመጣለሁ?» አሉኝ። «አንተን ያወቅሁህ በእነሱ መኪና ነው።»

ያሳተምኩት ካርድ የት እንደገባ አልጠየቅሁም።

ጥር 11 ጠዋት መዋኛው አጠገብ ቆሜያለሁ። ሕዝብ ነጭ በነጭ ሆኗል። የእኛ ሰማያዊ ምልክት በየሰው እጅ ላይ ይታየኛል። ደረቴን ነፋሁ። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከአዟሪ ልጅ ባለ 1 ሊትሩን ገዙ። ክዳኑን ከፈቱ። ከዚያ ዘቅዝቀው እግራቸው ሥር መሬቱ ላይ ጭልጥ አድርገው አፈሰሱት።

ደነገጥኩ። «ምነው አባ፣ አልጣመዎትም?»

«አልቀመስኩትም ልጄ። ዕቃ ፈልጌ ነው።»

ተጋፍተው ገቡ። ሲመለሱ ላስቲኩ በጠበል ሞልቷል። እኔን ሲያዩ ቆም አሉ፤ አዘኑልኝ መሰለኝ። በእፍኛቸው ፊቴ ላይ ረጩኝ። «ይማርህ» አሉኝ። አሜን አልኩ። ለባለቤቱ የላክሁት ሪፖርት ላይ «የጥምቀት ሽያጭ አመርቂ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ዋሸሁ እንዴ?

እትዬ በሳምንቱ ሒሳባቸውን ሳያጓድሉ ከፈሉ። የትልቁ መኪናም መጣ፣ ወደ እሱ ተመለሱ። ለእኔ አንድ ነገር አተረፍኩ፤ ከመደርደሪያው ታች፣ ከፓስታው አጠገብ፣ አንድ ረድፍ። ፍሪጅ ውስጥ አይደለም።

የዚያን ወር ኮሚሽኔ ግን ጣሪያ የለውም የተባለው እውነት መሆኑን ያየሁበት ነው። ችግሩ ባለቤቱ ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም። ለላስቲኩ መሥሪያ የሚመጣው ዕቃ የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፤ ብሩ ሁሉ እዚያ ገብቷል። «በዓይነት ልስጥህ» አለኝ። ኮሚሽኔን በውሃ ተቀበልኩ። እናቴ አልጋ ሥር ደረደርነው። የሰፈሩ ቧንቧ ፈረቃው ሲዘገይ ጎረቤት ጀሪካን ይዞ ይንከራተታል፤ እኛ ቤት ሽሮ በታሸገ ውሃ ይሠራል። እናቴ «ለዚህ ነው ከዚያ ቤት የወጣኸው?» ትላለች፣ እሽጉን በቢላ እየቀደደች። ሽሮው ግን ይጣፍጥ ነበር።

አሁንም እዚያው ነኝ። ደመወዝ ይዘገያል እንጂ ይመጣል።

ባለፈው የጎረቤታችን ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሊያማክረኝ መጣ። ትልቁም ትንሹም ጠርተውታል። ማታውን ሙሉ አስረዳሁት። ትልቁ ጋ ማስታወቂያው ነው የሚሸጠው፣ አንተ ተሸካሚ ነህ አልኩት። መሸጥ የምትማረው ማንም በማያውቀው ዕቃ ነው አልኩት። የሦስቱን ብርጭቆ ታሪክ ነገርኩት፤ የፍሪጁን ዘለልኩት። በጨዋነት አዳመጠኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ ደመወዝ በሰዓቱ ይከፍላሉ?» አለኝ። ስለ እናቱ ጤና ጠየቅሁት።

ማክሰኞ እትዬ ሱቅ ተቀምጫለሁ። ጀበናው ተጥዷል። «ከሰሉ ገና አልያዘም» ብለውኛል፤ ሩብ ሰዓት ሆኖኛል። ውጭ አይሱዙ ቆመ። ያ ልጅ የትልቁን ጃኬት ለብሶ፣ ወረቀትና ብዕር ይዞ ገባ።

እትዬ ወደ ጓዳ ዞር አሉ። «አንቺ ልጅ፣ እንግዳ ቆሞ? ቡናውን አታቀርቢም?»

ጀበናው ወዲያው ወረደ። ሁለት ስኒ መጣ። ልጁ አፍሮ የራሱን ወደ እኔ ገፋልኝ፤ ግድ የለም፣ ለሁለታችንም ቀድታለች አልኩት። አቦሉ ወፍራም ነበር።