«ውጤታማ ነው» ብዬ የጻፍኩት፣ ግን ያልነበረው

የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን ስጀምር ሐሳቤ ቀላል ነበር። በሒሳብ ወደ ኋላ የቀሩ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት ውጪ ማጠናከሪያ ቢሰጣቸው ውጤታቸው ይሻሻላል ወይ? በቃ ይኸው ነው። ቅድመ ፈተና እሰጣለሁ፣ ዝቅተኛ ያመጡትን እለያለሁ፣ አስር ሳምንት ይማራሉ፣ ድህረ ፈተና እሰጣለሁ፣ ልዩነቱን አሰላለሁ። ምኑ ይከብዳል?

የሁለት አማካዮችን ልዩነት የሚፈትሸውን ስሌት፣ ቲ-ቴስቱን የሠራሁበት ሌሊት ትዝ ይለኛል። ፒ-ቫልዩው (በእውነቱ ምንም ለውጥ ባይኖር ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ) ከ0.001 በታች ሆኖ ወጣ። የልጆቹ አማካይ ውጤት ከመቶ አስር ነጥብ ገደማ ከፍ ብሏል። ጮቤ ረገጥኩ። «ፕሮግራሙ የተማሪዎችን ውጤት በከፍተኛ ደረጃ አሻሽሏል» ብዬ ጻፍኩና ሦስቴ ደጋግሜ አነበብኩት። ያማረ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እውነት አለመሆኑ ነው እንጂ።

አማካሪዬ ረቂቁን አንብበው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ዝቅተኛ ውጤት አምጥተው ማጠናከሪያው ውስጥ ያልገቡ ልጆች አሉ?»

ነበሩ። ቦታ ስላልበቃ የቀሩ ሃያ ምናምን ልጆች። ድህረ ፈተናውን ለሁሉም ተማሪ ስለሰጠሁ ውጤታቸውም እጄ ላይ ነበር፤ ዞር ብዬ አላየሁትም እንጂ።

«እስቲ እነሱን አውጣቸውና ነገ ና።»

በማግስቱ አልሄድኩም። የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሁለቱን ቀን ቁጥሩን ደጋግሜ ሳሰላ ነው ያሳለፍኩት። ማጠናከሪያ ያላገኙት ልጆችም ከፍ ብለዋል። ስምንት ነጥብ ገደማ። ክው አልኩ። ያ ሁሉ ፈንጠዝያ ለሁለት ነጥብ ልዩነት ኖሯል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያነጻጽር ጽፎታል። በጣም ረጃጅም ወላጆች የሚወልዷቸው ልጆች ረዘም ቢሉም በአማካይ የወላጆቻቸውን ያህል አይረዝሙም፤ ወደ መሐል ጠጋ ይላሉ። የአጫጭሮቹም ልጆች እንደዚያው ከወላጆቻቸው ትንሽ ረዘም ይላሉ። «ወደ አማካይ መመለስ» የሚባለው ይኼ ነው። ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበትም ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። የራሴ ፋይል ውስጥ ሲመጣ ግን አላወቅሁትም።

እስቲ ልጆቹን አስቧቸው። አንድ ተማሪ በአንድ ቀን ፈተና የሚያመጣው ውጤት የሚያውቀውን ብቻ አያሳይም። ሌሊቱን ያልተኛ አለ፣ ራሱን ያመመው አለ፣ የመልስ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ዘሎ ያጠቆረ አለ፣ የገመተው ሁሉ የከሸፈበት አለ። ከሁሉም ተማሪ መካከል የታችኞቹን ስመርጥ በእርግጥም ትምህርቱ የከበዳቸውን ብቻ ሳይሆን ያ ቀን ያልቀናቸውንም አብሬ ነው የሰበሰብኩት። ድህረ ፈተናው ቀን ደግሞ መጥፎ ዕድሉ ሌላ ሰው ጋ ይሄዳል፤ እነዚህኞቹ ማንም ምንም ሳያደርግላቸው ከፍ ይላሉ። በስሌት ላሳያችሁ። የሁለቱ ፈተናዎች ተዛምዶ (ውጤቶቹ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ፤ 1 ፍጹም አብሮ መሄድ፣ 0 አለመገናኘት ነው) 0.7 ነው እንበል፣ የውጤት ሥርጭታቸውም እኩል ነው። ከአማካዩ 20 ነጥብ ዝቅ ያሉ ልጆች በሁለተኛው ፈተና 14 ነጥብ ብቻ ዝቅ ይላሉ ተብሎ ይጠበቃል። 6 ነጥብ በነፃ! በዚያ ላይ ደግሞ በእነዚያ አስር ሳምንታት መደበኛ ክፍላቸውን እየተማሩ ነበር፣ የፈተናውንም ዓይነት አንዴ ለምደውታል። ይኼን ሁሉ ለማጠናከሪያው አስመዘገብኩለት።

የሚያናድደው፣ ምልክቱ ዓይኔ ሥር ነበር። ቅድመ ፈተናው ላይ ከፍተኛ ያመጡት ልጆች በድህረ ፈተናው ወረድ ብለው ነበር። ያንን «ተዘናግተው ሊሆን ይችላል» ብዬ በአንድ መስመር አልፌዋለሁ።

ቁጥሩ እንቢ ሲለኝ ምን አደረግኩ? አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ፋይሉን በየብልቱ በለትኩት። ወንዶች ብቻ፣ ሴቶች ብቻ፣ በዕድሜ፣ በክፍል፣ በአልጀብራ ጥያቄዎች፣ በጂኦሜትሪ ጥያቄዎች። ወደ ሃያኛው ሙከራ አካባቢ አንዷ ፒ-ቫልዩ ውጤት «ጉልህ» ለመባል ከተለመደው ወሰን፣ ከ0.05 በታች ወረደችልኝ። በጂኦሜትሪ፣ ሴቶች ላይ። ወዲያው ለምን ሴቶች ላይ እንደሠራ የሚያስረዳ አንቀጽ ጻፍኩ፤ ደግሞ እኮ ያሳምን ነበር! ምንም ልዩነት በሌለበት፣ አንዱ ከሌላው ጋር የማይገናኙ 20 ፈተሻዎች ብታደርጉ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ «ጉልህ» ሆኖ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም እንዲህ የተሸወድኩት። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ትልቅ ሥራ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሠርቶ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው ጉልህ ውጤት ሪፖርት ያደረጉ ሲሆኑ፣ ሲደገሙ ጉልህ የሆኑት 36 በመቶው ብቻ ናቸው። ያንን አንቀጽ አጠፋሁት። እያለቀስኩ ነው ያጠፋሁት ማለት ይቻላል።

አማካሪዬ ፈቅደውልኝ በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ዙር ሠራሁ። በዚህኛው ዙር ዝቅተኛ ያመጣ ብዬ አልመረጥኩም። አስራ ሁለት ክፍሎች ያዝኩ፣ በዕጣ ስድስቱ ማጠናከሪያ አገኙ፣ ስድስቱ አላገኙም። በክፍል አርባ አርባ ልጅ፣ 480 ተማሪ። በናሙናዬ እየተኩራራሁ ስታቲስቲክስ የምታስተምር ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ።

«ናሙናህ ስንት ነው?»

«አራት መቶ ሰማንያ!»

«ዕጣ የወጣው ለልጆቹ ነው ለክፍሎቹ?»

«ለክፍሎቹ።»

«እንግዲያው አስራ ሁለት ነው በለኛ፣ የኔ ጌታ።»

መጀመሪያ ልታበሽቀኝ መስሎኝ ነበር። ግን አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች አንድ አስተማሪ ነው የሚያስተምራቸው፣ አብረው ይረበሻሉ፣ አብረው ይኮራረጃሉ። አርባ ልጅ አርባ የተለያየ መረጃ አይሰጠኝም። የአንድ ክፍል ልጆች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ የሚለካው ቁጥር 0.2 ቢሆን (በትምህርት ውጤት ላይ ብርቅ አይደለም) መጀመሪያ 39ን (ከአርባው አንድ ሲቀነስ) በ0.2 ማባዛት፣ ከዚያ 1 መደመር ነው፤ 8.8 ይመጣል። 480ን ለ8.8 ስታካፍሉት 55 ገደማ። ያ ሁሉ ወረቀት አባዝቼ፣ ያንን ሁሉ አርሜ፣ በዕጣ አንድ በአንድ የተመረጡ 55 ልጆች የሚሰጡትን ያህል መረጃ ነው የያዝኩት። ትንተናውን ክፍልን ከግምት በሚያስገባ ሞዴል ስሠራው ከሠንጠረዡ ላይ ጉልህ ውጤትን የምታመለክተው ኮከብ ጠፋች። ለሌላ ጊዜ ልጅ ከመጨመር ክፍል መጨመር ይሻላል፤ አርባውን ልጅ መፈተን ቀርቶ ከብዙ ክፍል አስራ አምስት አስራ አምስት መውሰድ።

ደግሞ በድህረ ፈተናው ቀን የቀሩ ልጆች ነበሩ። ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ነው ከስሌቱ የሚያወጣቸው፣ አይነግራችሁም። ስማቸውን ሳይ አብዛኞቹ ቅድመ ፈተናው ላይ ዝቅተኛ ያመጡ ናቸው። ቁጥራቸው በሁለቱ ቡድኖች ተቀራራቢ ስለነበር ተረፍኩ እንጂ ይሄም ጉድ ነበር።

መጠይቁን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ልጆቹ ለሒሳብ ያላቸውን አመለካከት ለመለካት ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ መጠይቅ ተጠቅሜ ነበር፤ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የሚሄደው ዓይነት። የመጠይቁ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚለካው የክሮንባክ አልፋ ሲወጣ መሬት ወረደ። አንዳንዱ ልጅ ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ» ላይ ብቻ ነው ምልክት ያደረገው፤ «ሒሳብ እወዳለሁ» ላይም «ሒሳብ አስጠልቶኛል» ላይም። አንዷን ልጅ አስቀምጬ ጥያቄዎቹን ጮክ ብላ እንድታነብና የገባትን እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። «ሒሳብ አልፎ አልፎ ያስጨንቀኛል» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመችና «ካለፈ በኋላ ምን ያስጨንቀዋል?» አለችኝ። ፈተና ማለፍ መስሏታል። ከመቶ በላይ ወረቀት ከመበተኔ በፊት እንዲህ አምስት ልጅ ባነጋግር ኖሮ ግማሽ ቀን ነበር የሚፈጅብኝ።

የመጨረሻው ጽሑፍ ላይ የሰፈረው «በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት ለመኖሩ በቂ ማስረጃ አልተገኘም» የሚል ነው። ማጠናከሪያው አይሠራም አላልኩም፤ በአስራ ሁለት ክፍል ትንሽ ለውጥ ቢኖርም አይታየኝም ነበር። አንዱ ፈታኝ «ታዲያ ምን አገኘህ?» ብለው ሲጠይቁኝ ይኼንኑ አስረዳሁ፤ ፊታቸው ብዙም አልበራም።

አሁን ማንኛውንም መረጃ ከመክፈቴ በፊት አንድ ገጽ የትንተና ዕቅድ እጽፍና ቀን አስገብቼ ለዚያችው ጓደኛዬ እልክላታለሁ። ባለፈው አንድ መረጃ ላይ ስሠራ ዋናው ውጤት ባዶ ሆኖብኝ «እስቲ ሴቶቹን ለብቻ ልያቸው» ብዬ አሰብኩ። ደወልኩላት። ዕቅዴን ከፍታ ሦስተኛውን መስመር አነበበችልኝ፦ «በፆታ አልከፋፍልም፤ ብጠይቅሽም እንዳትፈቅጂልኝ።»