ሸክላና ስታቲክ፦ እስካሁን የሠራልኝና ያልሠራልኝ

ብርዱ ገብቶ የቤቱ ማሞቂያ ሥራ ሲጀምር የሙዚቃ ሸክላዎቼም መንጣጣት ይጀምራሉ። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እዚህ ወበቅ ስለሆነ ስታቲክ የሚባል ነገር፣ ማለትም ዕቃ ላይ ተጠራቅሞ የሚቀመጥ ኤሌክትሪክ፣ ትዝ አይለኝም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ግን ሸክላውን ከከረጢቱ ሳወጣ የክንዴ ፀጉር ብድግ ይላል። በክፍሉ ውስጥ ያለ አቧራ ሁሉ ተጠራርቶ ይለጠፍበታል።

ነገሩን ጠበቅ አድርጌ የያዝኩት በደቂቃ 45 ጊዜ ለሚዞሩት፣ ባለ 45 ዙር ለሚባሉት የአማርኛ ሸክላዎቼ ስል ነው። አምሃ እሸቴ የሸክላ አሳታሚውን አምሃ ሬከርድስን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከዚያ ዘመን የተረፉት ትናንሽ ሸክላዎች ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ብዙዎቹ በሰው ሻንጣ ባሕር የተሻገሩ ናቸው። ዘፈኖቹ በሲዲም በኢንተርኔትም ይገኛሉ፤ የዚያን ጊዜው ሸክላ ራሱ ግን ከተበላሸ ምትክ የለውም። መርፌው ሥር የገባ አቧራ መስመሩን ሲፈጨው መስማት ያመኛል።

መጀመሪያ የተማርኩት ድምፁን መለየት ነው። የሚንጣጣ ሁሉ ስታቲክ አይደለም። ባለ 33 ከሲሶ ዙር ሸክላ አንዱን ዙር በ1.8 ሰከንድ ይጨርሳል፤ ባለ 45ቱ በ1.3 ሰከንድ ገደማ። «ጣ» የሚለው ድምፅ በዚያው ልክ እየቆጠረ ከተመለሰ ጭረት ነው፤ ምንም ብታደርጉ አይለቅም። ሳያቋርጥ የሚንሸሸው አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ወይም የተበላ መስመር ነው። ስታቲክ ግን ጊዜ አይጠብቅም። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይፈነዳል፤ ያንኑ ገጽ ደግማችሁ ስታጫውቱት ቦታውን ይቀይራል። ይህን ሳይለዩ ዕቃ ለመግዛት መሮጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ስታቲኩ የሚፈጠረው ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሲለያዩ ነው። ሸክላው የሚሠራበት ፒቪሲ ኤሌክትሮን መቀበል የሚወድ ፕላስቲክ ነው። ወረቀት ደግሞ ይሰጠዋል። ስለዚህ ሸክላውን ከወረቀት ከረጢቱ መዥረጥ አድርጋችሁ ባወጣችሁ ቁጥር ቻርጅ ታደርጉታላችሁ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ታጠራቅሙበታላችሁ። ፒቪሲ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ የተቀበለውን ይዞ ይቀመጣል። አየሩ እርጥበት ሲኖረው ዕቃዎች ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የውኃ ሽፋን ስለሚፈጠር ቻርጁ በዚያ በኩል ቀስ እያለ ይሸሻል። አየሩ ሲደርቅ መውጫ የለውም።

ስለዚህ ሥራዬን የጀመርኩት ከከረጢቱ ነው። የድሮዎቹን የወረቀት ከረጢቶች በሙሉ ፖሊኢታይሊን ከሚባል ስስ ፕላስቲክ በተሠሩ ቀየርኳቸው። ፖሊኢታይሊን በኤሌክትሮን አቀባበሉ ከፒቪሲ ብዙም ስለማይርቅ ሲለያዩ የሚፈጠረው ቻርጅ ያነሰ ነው። የወረቀት ብናኝም አይተውም። የጥንቱን ከረጢት ግን አልጣልኩም፣ እናንተም እንዳትጥሉ! የሙዚቃ ቤቱ ማኅተምና የዋጋው ጽሑፍ ያለበት ታሪክ ነው። ሸክላውን በአዲሱ ከረጢት አስገብቼ አሮጌውን ባዶውን ከኋላው አቆመዋለሁ። ከፒቪሲ የተሠራ ወፍራም የውጭ ሽፋን ካላችሁ ደግሞ አውጡት። ውስጡ ያለው ማለስለሻ ኬሚካል በጊዜ ብዛት ወደ ሸክላው እየወጣ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይተውበታል።

አወጣጡም ለውጥ አለው። ከረጢቱን ከሁለት ጎኑ ጨመቅ አድርጌ አፉን እከፍተዋለሁ። ከዚያ ሸክላው ጎኑን ሳይፈትግ በዝግታ ወደ መዳፌ ይንሸራተታል።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው ሸክላው ከሚተኛበት ከማጫወቻው ምንጣፍ ነው። የኔ ማጫወቻ ከፋብሪካ የመጣው በፌልት (ተጠቅጥቆ በተሠራ ጨርቅ) ምንጣፍ ነበር። በብርዱ ወራት ሸክላውን ሳነሳ ምንጣፉ ተጣብቆ አብሮ ይነሳል፤ መሃል ላይ ሲደርስ ተላቅቆ ይወድቃል፣ አንዳንዴም የመርፌውን ክንድ ገጭቶ። አሁን በቡሽ ቀይሬዋለሁ፤ ጎማ የሚጠቀሙም አሉ። ከቀየርኩ ወዲህ ተጣብቆ የተነሳብኝ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሸክላው በማጫወቻው ላይ በሚሽከረከረው የብረት ሰሃን ላይ ተኝቶ ሳለ ቻርጁ የሌለ ይመስላል። ብረቱ ከሥር ስለሆነ ጉልበቱ ወደዚያ ይሳባል። ሸክላውን ከሰሃኑ ስታርቁት ግን የዚያው ቻርጅ ቮልቴጅ ሽቅብ ይወጣል፤ አቧራውንም ያኔ ነው የሚጠራው። ሞክሩት። ቅዳጅ ሶፍት ጠረጴዛ ላይ በትኑና የተኛውን ሸክላ አንስታችሁ ከበላዩ ያዙት። ብጥስጣሹ ወደ ላይ ዘሎ ሲለጠፍ ታያላችሁ። አልነዘረኝም ብላችሁም አትዘናጉ። ብልጭታ ጣታችንን የሚቆነጥጠው ከ3,000 ቮልት ገደማ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሳይሰማን ያልፋል። ለዚህ ነው ስታቲኩን ለማጥፋት የማደርገውን ሁሉ ሸክላውን በእጄ አንስቼ የማደርገው።

የካርቦን ብሩሽ ጥሩ ዕቃ ነው፣ አያያዙን ካወቁበት። የካርቦን ፀጉሩ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ግን ቻርጁ የሚሄድበት መንገድ ይፈልጋል፤ መንገዱ ደግሞ የእናንተ እጅ ነው። ጣታችሁ የብሩሹን ብረት መንካት አለበት። እኔ በሌላው እጄ የአምፕሊፋየሩን የመሬት ማሰሪያ ብሎን እነካለሁ። ብሩሹን ጫን አድርጎ መፈተግ ራሱ ቻርጅ ይፈጥራል። ጫፉ ብቻ ይንካው፤ አንድ ሁለት ዙር ከዞረ ይበቃል።

የስታቲክ ሽጉጡንም ሞክሬዋለሁ፣ ዜሮስታት የሚባለውን። ባትሪ የለውም፤ ውስጡ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክሪስታል አለ። ቃታውን ቀስ አድርጋችሁ ስትስቡ ፖዘቲቭ፣ ቀስ አድርጋችሁ ስትለቁ ኔጋቲቭ አዮን ይረጫል። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ሠርቶልኛል፤ የክንዴ ፀጉር ወዲያው ይተኛል። ነገር ግን ዋጋው ቀላል አይደለም። ከረጢቱና ምንጣፉ ሳይቀየሩ እሱን መግዛት አልመክርም፤ ሸክላው ተመልሶ ወረቀት ውስጥ ከገባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ወደ አየሩ ልምጣ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነው። ውጭ ዜሮ ዲግሪና 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ቤት ገብቶ 22 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። ከ40 እስከ 50 በመቶ ሲያነብ ስታቲኩ እጅ ይሰጣል። ከ60 እንዲያልፍ አልፈቅድም፤ ሻጋታው የካርቶን ሽፋኑን ይበላል።

ሂውሚዲፋየር (አየር የሚያረጥብ መሣሪያ) ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአልትራሳውንድ የሚሠራው ዓይነት የቧንቧ ውኃ ሲሞላበት በውኃው ያለውን ማዕድን ሁሉ አብሮ ይተፋል። ነጭ ዱቄት ሆኖ ቤቱ ላይ ይወርዳል፣ ሸክላው ላይም ጭምር። የተጣራ ውኃ ሙሉበት፤ አለበለዚያ በትነት የሚሠራውን ግዙ።

ማጠብም ቻርጁን ያጠፋል። የተጣራ ውኃና ጥቂት ጠብታ የሸክላ ማጽጃ ይበቃል። ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ማሸት ግን ቻርጁን መልሶ ይጠራዋል። እኔ ዕቃ ማድረቂያ ላይ አቁሜ በራሱ እንዲደርቅ እተወዋለሁ። የአያቶቻችሁ ባለ 78 ዙር ሸክላ ካላችሁ አልኮል ያለበት ማጽጃ ፈጽሞ አይንካው፤ የተሠራበትን ሼላክ የሚባል ሙጫ ያሟሟዋል። የልብስ ማድረቂያ መዓዛማ ወረቀትም ይመከራል ሲባል ሰምቻለሁ። አትሞክሩት። ስታቲኩን የሚቀንሰው ቅባት በመተው ነው፤ ቅባቱ ደግሞ መስመር ውስጥ ገብቶ መርፌው ላይ ይጠቀለላል።

አሁን ያለሁበት ይህ ነው። ባለ 45ቶቹ ሁሉ ከረጢታቸው ተቀይሯል። ባለ 33ቶቹን ባጫወትኩ ቁጥር አንድ በአንድ እየቀየርኩ ነው። የሱፍ ሹራብ ለብሼ የወለል ምንጣፍ ላይ ከተራመድኩ ማጫወቻውን ከመንካቴ በፊት ሌላ ብረት እነካለሁ፤ አለበለዚያ ብልጭታው በስፒከሩ ይጮሃል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ሰብሳቢዎች፣ በጥርና በየካቲት ከሰዓት በኋላ የቤታችሁ እርጥበት ስንት እንደሚያነብ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። እዚያ ማሞቂያ የለም፤ የበጋው አየር ግን ደረቅ ነው። ቡሽ ምንጣፍ የሚቆርጥ ባለሙያ ያገኘም ካለ ይጻፍልን። ለባለ 45ቱ የሚሆን አነስ ያለ ልሠራ እያሰብኩ ነው፤ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል ወይ?