ሠርጉ ካለቀ በኋላ ያለው ክር

ጎንደር፣ ነሐሴ

ክረምቱ ጠንክሯል። ቁም ሣጥን ላይና አልጋ ሥር የተረሳ የቪዲዮ ካሴት እርጥበት የሚጠጣው፣ ሻጋታም የሚይዘው በዚህ ወር ነው። የድሮ የቴሌቪዥን ማስታወቂያና የዜና መክፈቻ የሚናፍቀው ሰው ካሴቱን ለመስከረም ባያቆየው ይሻላል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም፣ ቀለም ያየው ደግሞ በ1977 መባቻ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ሲመሠረት ነው። የቤት ቪዲዮ ወደ እኛ የደረሰውም ወደዚያው ግድም ስለሆነ የጥቁርና ነጩን ዘመን በየቤቱ ካሴት መፈለግ ድካም ነው። በካሴት ያለን ከዚያ ወዲህ ያለው ነው፤ የሳሙናው ዜማ፣ የሎተሪው ዕጣ፣ አፋልጉኙ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ዜና በፊት የምትሰማዋ ሙዚቃ። እነዚህን አስቦ የቀዳ ሰው የለም። ድራማ ወይም የበዓል ዝግጅት ሲቀዳ አብረው ገቡ፤ ከዚያም በላያቸው ሌላ ነገር ተቀዳባቸው።

የሚቆጨኝም እዚህ ላይ ነው። ሰው የጥር ሠርጉን ካሴት ወደ ፍላሽ ሲያስገለብጥ ሙሽሮቹ ተሸኝተው ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ሲመጣ «አለቀ» ተብሎ ይቆማል። አላለቀም። ኢ-180 የሚል ካሴት ውስጥ ወደ 258 ሜትር ክር አለ፤ በመደበኛ ፍጥነት 3 ሰዓት ይሄዳል። ሠርጉ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከሆነ የ50 ደቂቃ ክር ገና አልታየም ማለት ነው። ካሴቱ ቀድሞ ቴሌቪዥን የተቀዳበት ከነበረ ማስታወቂያው ያለው እዚያ ነው።

ነጠብጣቡ ሰውን የሚያሳስተው በዴኩ፣ ማለት በካሴት ማጫወቻና መቅጃው፣ አሠራር ምክንያት ነው። የቤት ዴክ ሲቀዳ የድሮውን የሚያጠፋው ሄድ (ክሩን የሚነካው ክፍል) እና አዲሱን የሚጽፉት ሄዶች ያሉበት የሚሽከረከረው ከበሮ አጠገብ ለአጠገብ አይደሉም፤ በመካከላቸው ጥቂት ሴንቲሜትር ክር አለ። ቀጂው «ስቶፕ» ሲጫን ያቺ ክር ጠፍታለች፣ ግን አልተጻፈባትም። ለጥቂት ሴኮንድ ሹሹታና ነጠብጣብ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ከዚያ የድሮው ሥርጭት ከመሐል ብቅ ይላል። የቀረጻው መጀመሪያም ምልክት አለው። የሙሽራዋ ቤት በር ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ለጥቂት ሴኮንድ ከተርመሰመሰ፣ ከሥሩ ሳይጠፋ የቀረ ሌላ ሥዕል አለ ማለት ነው፤ ካሴቱ አዲስ ሆኖ አልተቀዳበትም።

ከማጫወትም በፊት የካሴቱን ጀርባ እዩት። በግራ ጫፍ እንዳይቀዳበት የምትሰበር ትንሽ ፕላስቲክ አለች። ተሰብራ ቀዳዳው በፕላስተር ከተሸፈነ፣ አንድ ሰው አንድ ጊዜ «ይህ አይነካ» ብሎ ነበር፣ ሌላው ደግሞ ኋላ ቀዳበት። እንዲህ ያለው ካሴት ከሁሉ በፊት ይታይ። ፕላስተሩ ግን ይነሣ፤ በስህተት «ሪከርድ» ቢጫን እንኳ ዴኩ እሺ አይልም።

ብዙ ዴክና ቴሌቪዥን ሥዕል ሲጠፋ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣሉ። ይህን ከሜኑው አጥፉት። ደካማ ቀረጻ ከሰማያዊው ጀርባ ተደብቆ ካሴቱን ባዶ ያስመስለዋል፤ አንዳንድ የኮምፒዩተር መቅጃ ፕሮግራምም ሲግናል ሲጠፋ ራሱን ያቆማል። ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ የሚያመልጠው በዚህ ነው።

ወደ ሻጋታው ልመለስ። ካሴቱን ብርሃን ላይ ይዛችሁ በመስኮቱ የክሩን ጥቅል ተመልከቱ። ጠርዙ ጥቁርና ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለውን ዴክ ውስጥ አታስገቡ፤ ሄዱን ይደፍናል፣ ከዚያ በኋላ የሚገባውን ጤነኛ ካሴትም ይበክላል። ከታች ያሉትን 5 ብሎኖች በካቻቪቴ ፈትቶ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ በረንዳ ላይ ማጽዳት ነው። ደህናውን ካሴት ደግሞ ከቀዝቃዛ ክፍል አምጥቶ ወዲያው አለማጫወት፤ ጤዛ ከያዘ ክሩ ከበሮው ላይ ይለጠፋል። ዴኩ ያለበት ክፍል ውስጥ ጥቂት ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ ተመልሶም እስከ መጀመሪያው ይጠንጠን። ለዓመታት በአንድ ቦታ የቆየ ክር አንዱ ጋ ይጠብቃል፣ ሌላው ጋ ይላላል፤ በዚያው ከተጫወተ ሥዕሉ ከላይ ይጣመማል።

ሄድ ሲጸዳ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ አይሁን፤ የጥጡ ጭራሮ ሄዱ ጫፍ ላይ ይያዝና ይሰብረዋል። ጭራሮ የማይለቅ ስስ ቆዳ ወይም ጨርቅ 99 በመቶ በሆነ አልኮል አርጥቦ፣ ጨርቁን ሳያንቀሳቅሱ ከበሮውን በእጅ ማዞር ነው። ወደ ላይና ወደ ታች መፈተግ ሄዱን ይነቅለዋል። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት ለዚህ አይሆንም።

መብራት ሲሄድስ? ክሩ ከበሮው ላይ እንደተጠመጠመ ይቀራል። ብዙ ካሴት የሚበላው በዚህ ጊዜ፣ ሰው ስለሚጎትተው ነው። መብራት እስኪመለስ ጠብቁ፤ አብዛኛው ዴክ ክሩን ራሱ ይሰበስባል። በክረምት ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚተካ ባትሪ) አለመጀመር ነው የእኔ ምክር።

ካፕቸር ካርዱን (ሥዕሉን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባውን መሣሪያ) የእኛ ቴሌቪዥን በሚጠቀምበት ደረጃ፣ በፓል አድርጉት፤ 720 በ576፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም። በአሜሪካኑ ደረጃ፣ ኤንቲኤስሲ ላይ ከቀረ ሥዕሉ ይንከባለላል ወይም ቀለሙ ይጠፋል፤ ያኔ ሰው «ጥቁርና ነጭ ዘመን አገኘሁ» ብሎ ይደሰታል። ሠርጉ አልቆ የድሮው ሥርጭት ሲጀምር ትራኪንጉን (ሄዱ ክሩ ላይ የተጻፈውን መስመር እንዲከተል የሚያደርገውን ማስተካከያ) እንደገና አስተካክሉ፤ የተቀዳው በሌላ ዴክ ነውና የሠርጉ ልክ አይሆነውም። ድምፁ የተጻፈው በክሩ የላይኛው ጠርዝ ላይ ስለሆነ ጠርዙ የተጎዳ ካሴት መጀመሪያ የሚያጣው ዜማውን ነው፤ በማስታወቂያ ደግሞ የምናስታውሰው ዜማውን ነው።

አንድ ነገር ላይ ልቆይ። የድሮ ማስታወቂያ እስክስታ ይወዳል። ሥዕሉ በኮምፒዩተር ሲታይ ትከሻው ዙሪያ የሚዶ ጥርስ የመሰለ መስመር ይወጣል፤ አንዱ ፍሬም ሁለት ግማሽ ሥዕል ስለያዘ ነው። ያንን ለማጥፋት ብዙዎች አንዱን ግማሽ ይጥላሉ። ያኔ በሴኮንድ ከነበረው 50 እንቅስቃሴ 25ቱ ይቀራል፣ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሳይሆን የሚዘል ይመስላል። ሁለቱም ግማሽ ተዘርዝሮ ወደ 50 ፍሬም ይለወጥ። ጎንደር ውስጥ እስክስታን አንካሳ አድርጎ ማስቀመጥ ነውር ነው። ዋናው ቅጂ ግን ሳይነካ ይቀመጥ፤ በዲቪ (አንዱ የዲጂታል ቪዲዮ ዓይነት) ከሆነ ለ1 ሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ይፈጃል። በቴሌግራም ስትልኩትም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ አለዚያ ጨምቆ ያበላሸዋል።

ዘመኑን ለማወቅ ስልክ ቁጥሩን እዩ። የአዲስ አበባው ድርጅት ቁጥር 6 አሃዝ ከሆነ ከ1998 ዓ.ም በፊት ነው፤ በዚያ ዓመት መባቻ 7 ሆነና 011 ከፊቱ መጣ፣ የእኛም 058 ሆነ። ዜና መክፈቻው ላይ ባንዲራ ካለ መሐሉን ተመልከቱ፤ በሰማያዊ ክብ ላይ ቢጫ ኮከብ ያለበት ዓርማ የመጣው በ1988 ነው። የዳሸን ቢራ ማስታወቂያ ካገኛችሁ ለብቻው አስቀምጡት። የአልኮል ማስታወቂያ በ2011 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ስለተከለከለ፣ እዚሁ ከተማችን የሚጠመቀው ቢራ በቴሌቪዥን ይታይበት የነበረው ዘመን አልፏል።

የምታገኙት አብዛኛው ቁራጭ ነው። ድራማ የሚቀዳ ሰው ማስታወቂያ ሲመጣ ቀረጻውን ሊያቆም ዴኩ ጋ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ያመልጠዋል፤ ለቁም ነገር የተረፈው ያ ብቻ ነው። አትጣሉት። አዘዞ ካለ ካሴት የዜማው መጀመሪያ፣ ማራኪ ካለው ደግሞ መጨረሻው ሊወጣ ይችላል። በፋይሉ ስም ላይ የምርቱን ስም፣ የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ቃል፣ ከየትኛው ካሴት ስንተኛ ደቂቃ ላይ እንደተገኘ ጻፉበት፤ ሌላኛው ግማሽ ያለው ሰው የሚፈልገው በዚያች ቃል ነው።