ለቮልስ ካንዴላ ስትገዙ የጥርሱን ርዝመት ለኩ፣ እኔ ሳልለካ ቴስታታ አበላሽቻለሁ

ይሄን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ያባቴ ቮልስ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አይበላሽም ነበር ብዬ ስለማስብ ነው። ካንዴላ ማለት ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው፣ እንደ ቡሎን ባለው ጥርሱ ቴስታታው ውስጥ የሚታሰረው እቃ ነው። መኪናዋ ባለ 1300 ሞተር ናት፣ ባህር ዳር ውስጥ ከኔ እድሜ በላይ ተነድታለች።

እንግዳ ይዤ ቤዛዊት ኮረብታ ስወጣ ዳገቱ መሀል ላይ ጉልበት አጥታ መንተፋተፍ ጀመረች። ቤት ገብቼ ካንዴላዎቹን ፈታሁ፣ አራቱም ጥላሸት ለብሰዋል። አሮጌዎቹን ቤት ትቼ ባዶ እጄን እቃ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ፣ የመጀመሪያው ጥፋቴ ይሄ ነው። ሻጩ "የቮልስ የለኝም፣ ይሄ ግን ይገባል፣ ውፍረቱ 14 ነው፣ ቁልፉም 21 ነው፣ ሁሉም አንድ ነው" አለኝ። ካርቶኑ ላይ ቢፒ5ኢኤስ ይላል፣ ኤንጂኬ የሚባለው የካንዴላ ፋብሪካ ቁጥር ነው።

የ14ቱም የ21ዱም ነገር እውነት ነው። እሱ ያልነገረኝ እኔም ያልጠየቅኩት ርዝመቱን ነው። የኤንጂኬ ቁጥር ላይ ኢ ማለት የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊሜትር ነው፣ ኤች ማለት ደግሞ 12.7። የቮልሷ ቴስታታ የሚፈልገው አጭሩን ነው፣ ቢ5ኤችኤስ ወይም የቦሽ ደብልዩ8ኤሲ። ስለዚህ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ጥርስ ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ክፍል ውስጥ ገብቶ እሳቱ ላይ ቆመ ማለት ነው። የገጠመልኝ መካኒክ ግን "ገብቶ አለቀ፣ ልክ ነው" አለ፣ ሞተሩም ተነሳ፣ ፒስተኑን ያልነካው በእግዜር ቸርነት ነው።

አንድ ወር ነዳኋት፣ ጢስ አባይም ደርሳ መጣች፣ ዳገት ላይ ግን ጭው ጭው የሚል ድምፅ ታሰማ ነበር። ይታይ ብዬ ጋራዥ ስወስዳት የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ አልፈታ አለ፣ ምክንያቱም ውስጥ የቀረው ጥርስ ላይ ጥላሸቱ እንደ ሲሚንቶ ደርቆበታል። መካኒኩ ሞተሩ ገና እየጋለ ቁልፉ ላይ ቱቦ ቀጥሎ ጠመዘዘው፣ እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ፣ ይቀዝቅዝ ማለት ነበረብኝ አላልኩም፣ ካንዴላው ሲወጣ የቴስታታው አሉሚኒየም እንደ ክር ተጠቅልሎበት ወጣ። "ስላረጀች ነው ጋሼ" ሲለኝ የተሰማኝ ንዴት እስከዛሬ አልወጣልኝም። እርጅና አይደለም! በረጅም ካንዴላ እኛ ነን ያበላሸናት።

ከዛ ሞተሩ ወረደ፣ ቴስታታው ተፈቶ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀረጽበት) ሄደ። ቶርኖ ቤት ያሉት ሽማግሌ አሮጌውንና አዲሱን ካንዴላ መዳፋቸው ላይ ጎን ለጎን አድርገው "ልጄ፣ ይሄ እኮ የቮልስ አይደለም" አሉኝ፣ ለማወቅ ግማሽ ደቂቃም አልፈጀባቸውም። የብረት ቡሽ አስገብተው አዲስ ጥርስ አወጡለት፣ እኔ ሁለት ሳምንት በባጃጅ ተመላለስኩ።

ትክክለኛውን ካንዴላ ሰው ልኬ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስመጣሁ። ቁጥር ስታወዳድሩ ተጠንቀቁ፣ ኤንጂኬና ዴንሶ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው (ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል)፣ ቦሽ ላይ ግን ተቃራኒ ነው፣ የቦሽ 8 ከኤንጂኬ 5 ጋር ነው የሚመጣጠነው። ኢሪዲየም ግዙ ለሚሏችሁ ለካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ቮልስ ተራው ይበቃል፣ የጫፉን ክፍተት 0.7 ሚሊሜትር አድርጉና በጊዜው ቀይሩት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በእጅ እስከመጨረሻው አስገቡ፣ ከዛ አዲስ ከሆነ በቁልፍ ግማሽ ዙር ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ይበቃዋል። ኤንጂኬ ጥርሱን ምንም አትቀቡት ይላል፣ እኔ ግን ከደረሰብኝ በኋላ የመዳብ ግራሶ በጣም በትንሹ እቀባለሁ፣ ስቀባ ደግሞ ከወትሮው ላላ አድርጌ ነው የማስረው።

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን ካንዴላው መጀመሪያውኑ ጥፋት አልነበረበትም። አዲሶቹም በሳምንቱ ጠቆሩ። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ካርቡራተር ቤንዚን ማብዛት ይቀናዋል፣ የኔዋ ደግሞ አውቶማቲክ ቾኩ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ቤንዚን የሚያበዛው) ተጣብቆ ኖሯል። ቾኩ ተጸዳ፣ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ተስተካከለ፣ አሁን ካንዴላዎቹ ጤነኛ ቡናማ ናቸው፣ ቤዛዊትንም ሳትንተፋተፍ ትወጣለች። ያንን አሉሚኒየም የተጠቀለለበትን ካንዴላ ግን አልጣልኩትም፣ መኪናዋ ውስጥ አለ፣ ቮልስ ያለው ሰው ካንዴላ ልገዛ ነው ሲለኝ አውጥቼ አሳየዋለሁ።