እማማ ለሰዓታት ሲወጡ

ስእለቴ ይህን በጽሑፍ መመስከር ነበርና ዘግይቼም ቢሆን ላደርስ ነው።

ሆዴ መነፋት የጀመረው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። ጥቂት ጎርሼ እጠግባለሁ፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል፤ ከእንብርቴ በታች በስተቀኝ የሚከብደኝ ነገር ደግሞ የወር አበባዬ ሲቃረብ ይብሳል። ጨጓራ ነው ብዬ ተውሁት። በትዳር አምስት ዓመት ልጅ ያላገኘሁትን እኔን ግን ሰዎች ሆዴን አይተው «ማርያም ትቅረብሽ» ይሉኝ ጀመር፤ እኔም አምኜ ተመረመርሁ፤ እርግዝና አልነበረም። ያን ዕለት ከሥዕሉ ፊት ቆሜ «ልጁን ከልክለህ ሆዱን ብቻ ለምን ሰጠኸኝ?» አልሁት። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም ሁለት ወር አለፈ።

በፍልሰታ ጾም፣ ዝናብ በሚወርድበት አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ቀኝ ጎኔን በውስጥ የያዘ እጅ የጠመዘዘኝ መስሎኝ ነቃሁ። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ነበር። ሕመሙ ጋብ ሲል ዳንሁ እላለሁ፤ ተመልሶ ሲመጣ ያስመልሰኛል፤ ላብ አጠመቀኝ፤ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ እያለ ልደርስበት አልቻልሁም። መጸለይ አፍሬ ዝም ብል፣ ከልጅነቴ የማውቀው የዳዊት ቃል ሳልጠራው መጣ፤ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ወለሉ ላይ ተኝቼ እርሱን ብቻ ደጋገምሁ።

የሰሙኝ አከራያችን እማማ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ለሚደርሰው የሌሊት ጸሎት፣ ለሰዓታት፣ ሲወጡ ማቃሰቴ ደረሳቸው፤ እኔ ወዳኮረፍሁት ቤት ባይሄዱ ኖሮ በዚያ ሰዓት በደጄ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሐኪም ቤት ያደረሰንን የባጃጅ ሹፌርም እግዚአብሔር ብድሩን ይክፈለው።

መጀመሪያ ያየኝ ባለሙያ ትርፍ አንጀት መሆኑን ጠረጠረ። ተረኛዋ ሐኪም ግን ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና እንዳይሆን አስመርምራ፣ በአልትራሳውንድ አየችኝና ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሲስት፣ ማለት እንቁላል ማመንጫዬ ላይ ያደገ ከረጢት መሰል እብጠት፣ ከነእንቁላል ማመንጫዬ መጠምዘዙን ነገረችኝ፤ ደም ሥሩ ስለታነቀ ሰዓታት ከቆየ እንቁላል ማመንጫው ሊሞት ይችላል አለች። ሳይነጋ ቀዶ ሕክምና ገባሁ። ጥምዝማዙን ፈትተው ሲስቱን ብቻ አወጡት፤ እንቁላል ማመንጫዬ ቀለሙ ተመልሶ ተረፈ።

በሲስቱ ውስጥ ፀጉርና ስብ ነበረበት። ዘመዶቼ መተት ነው ሲሉ ሐኪሟ እየሳቀች፣ ይህ ዓይነቱ ሲስት ፀጉርም ጥርስም ማብቀል ከሚችሉ ሕዋሳት እንደሚያድግ፣ ብዙዎቹ ሌሎች ሲስቶች ግን ውኃ ብቻ ቋጥረው በጥቂት ወራት በራሳቸው እንደሚጠፉ አስረዳቻቸው። የናሙናው ውጤትም ካንሰር እንደሌለበት አሳየ።

ስድስት ወር አለፈ። ልጅ አሁንም አልወለድሁም፤ አሁንም እለምነዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን እንደ ድሮው እነጫነጫለሁ። ዘንድሮ በፍልሰታ ግን እማማን ከደጃቸው ጠብቄ አብሬአቸው ለመሄድ ቃል ገብቻለሁ።